ጂም ያስጠላኝን ስፖርት ጉራጊኛ አስወደደኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የጤና ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ባለፈው ያወጣችሁት ግን ትንሽ ከነከነኝ። አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ጽፋችሁ፣ «ቁርጠኝነት ይጠይቃል» ብላችሁ ዘጋችሁት። ቁጥሩ ልክ ነው። እኔን ግን ያ ቁጥር ሁለት ዓመት ሙሉ ከሶፋ አላስነሳኝም።

53 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ጠዋት የተቀመጥኩ ማታ እነሳለሁ። ሐኪም «ስኳርሽ አፋፍ ላይ ነው፣ ስፖርት ጀምሪ» ሲለኝ ደንግጬ በዚያው ሳምንት ሰፈር ያለ ጂም ገባሁ። ቅናሽ አለው ሲሉኝ የሦስት ወር ከፈልኩ። የሄድኩት አራት ቀን ነው! መሮጫ ማሽኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተተክሏል። ግድግዳ እያየሁ እራመዳለሁ። ሰዓቱን አያለሁ፤ ሦስት ደቂቃ። ብዙ የሄድኩ መስሎኝ ደግሜ አያለሁ፤ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። አሠልጣኙ ልጅ ስልኩን እየነካካ «በርቺ ማዘር» ይለኛል። በአምስተኛው ቀን ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም።

ያዳነችኝ የእህቴ ልጅ ናት። አንድ እሁድ ማለዳ «አክስቴ፣ አይተን እንመለሳለን» ብላ ከመስቀል ፍላወር በእግር ወደ መስቀል አደባባይ ወሰደችኝ። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ደረጃው ላይ ሯጮች ከዳር ዳር ይመላለሳሉ። ታች ደግሞ አንድ ቀጭን ልጅ ትልቅ ስፒከር አቁሞ ሰው ያሠራል። መጀመሪያ ማፍታቻ፣ ቀጥሎ እስክስታ። «እትዬ፣ ትከሻ! አንገት አይደለም፣ ትከሻ!» አለኝ። ከዚያ ጉራጊኛውን ለቀቀው።

ጉራጊኛ ጨፍሮ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ጉልበት ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ፊት፣ መሬቱን ነካ አድርጎ እንደገና መነሳት ነው። አንድ ዘፈን ሳያልቅ ባቴ ጮኸ። አጠገቤ ከቤተ ክርስቲያን የመጣች ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትዘላለች። ሳያት «እኔም መጀመሪያ ቀን እንደ ዶሮ ነበር የምዘለው» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰዓቱን ያየሁት ካለቀ በኋላ ነው። 50 ደቂቃ!

ከዚያ ወዲህ የቀረሁባቸው እሁዶች ጥቂት ናቸው። ከጭፈራው በኋላ ከባለነጠላዋ ጋር ማኪያቶ እንጠጣለን። የእኔ ያለ ስኳር ነው፤ እሱን ገና አልለመድኩትም። በሥራ ቀን ደግሞ ሦስት ማታ ከባልደረባዬ ጋር ከታክሲ ቀድመን ወርደን 35 ደቂቃ ቶሎ ቶሎ እንራመዳለን። የቢሮው ሐሜት ለዚያ ሰዓት ይቀመጣል። ገንዘብ ያዥ ነኝና ደምሬዋለሁ፤ 155 ደቂቃ ይመጣል።

ባለፈው ኅዳር ታላቁ ሩጫ ላይም ነበርኩ። በ1994 በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር በቴሌቪዥን እያየሁ «እነዚህ ምን ነካቸው?» ያልኩት እኔው ነኝ። ፊት ያሉት ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ጨርሰዋል። እኛ 10 ኪሎ ሜትሩን በሁለት ሰዓት ገባን። ግማሹን መንገድ ስንጨፍር ነበር።

ሁሉም ሰው ይጨፍር አልልም። ባለቤቴን ቢገድሉት አይጨፍርም። እሱ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር እንጦጦ ይወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል፤ ቢሆንም ስለ አርሴናል እየተጨቃጨቁ ሲወጡ ዳገቱን ልብ የሚለው የለም። ብቻውን ውጣ ቢሉት ግን ከአልጋው አይነሳም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በየሰፈሩ ጠዋት ጠዋት የሚሰባሰቡ ሰዎች አሉ። የት፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር እንደሆነ በዓምዳችሁ ጥግ ብታወጡልን ምን አለበት? ክረምት ላይ ጣሪያ ያለው ቦታ የሚያውቅም ካለ ይጠቁመን፤ ሐምሌና ነሐሴን ሳሎን ውስጥ ስዘል ከታች ያሉት ጎረቤቶቼ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡብኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከመስቀል ፍላወር