ዘበኛው ደክሞ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ላይ «በሽታ የመከላከል አቅምዎን በሰባት ቀን ያጠንክሩ» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት ስከታተል ኖሬያለሁ፤ የጤናውን ዓምድ ደግሞ ከሁሉም አስቀድሜ ነው የማነበው። ጸሐፊው ለአንባቢ አስቦ እንደጻፈው አልጠራጠርም። ግን «ያጠንክሩ» የምትለዋ ቃል ቀኑን ሙሉ ስትከነክነኝ ዋለች። እኔ ይህቺን ቃል አምኜ የተጎዳሁ ሰው ነኝ። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ስነሳ አብጠው፣ ግለው፣ ደርቀው አገኛቸዋለሁ። እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የልጄን ሸሚዝ መቆለፍ አቃተኝ። እየቆየ የእግሬም መገጣጠሚያ ተከተለ። ድካሙ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ተኝቼ ብነሳም አይለቀኝም። ሐኪም ዘንድ ስሄድ መልሱን እኔው ይዤ ነበር የሄድኩት። «ዶክተር፣ በሽታ የመከላከል አቅሜ ደክሞ ነው አይደል? የሚያጠነክር ነገር ይዘዙልኝ» አልኳቸው። የደም ምርመራው ከመጣ በኋላ የመለሱልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «የለም፣ የኔ እህት። መከላከያሽ አልደከመም። ስቶ ነው። የራስሽን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየመታው ነው» አሉኝ። በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል።

ስለ ሰውነት መከላከያ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን የምናስበው እንደ ጡንቻ ነው። ከጠነከረ ጥሩ፣ ከላላ መጥፎ። እኔ እንደገባኝ ግን ይበልጥ የሚመስለው የቤት ዘበኛን ነው። የዘበኛ ቁም ነገሩ የክንዱ ውፍረት አይደለም፤ ሌባውን ከቤቱ ልጅ መለየቱ ነው። ሲመታም በልክ መምታት፣ ሌባው ሲሄድ ደግሞ ዱላውን ማስቀመጥ አለበት። የቤቱን ልጅ ለሚደበድብ ዘበኛ ወፍራም ዱላ እንገዛለታለን እንዴ?

እሾህ ጣታችንን ሲወጋን የሚሆነውን እንይ። ቆዳ ዋናው አጥር ነው። ጤነኛ ቆዳን ጥሶ መግባት የሚችል ጀርም ጥቂት ነው። ዓይንን እንባ ይጠብቀዋል። እንባ ውስጥ ላይሶዛይም የሚባል የባክቴሪያን ግድግዳ የሚበጥስ ነገር አለ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ከማግኘቱ በፊት፣ በ1922፣ ለዓለም ያስተዋወቀው ይህንን ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በአየር ቧንቧችን ንፍጥና አክታ ጀርሙን ያጣብቁታል፤ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሳይ ነገሮችም ጠርገው ወደ ላይ ያወጡታል። ተውጦ የወረደውን የጨጓራ አሲድ ይቀበለዋል።

እሾሁ ግን አጥሩን ቀዶ ጀርም ይዞ ገባ። ሥጋችን ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉ በላተኛ ሕዋሳት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ያገኙትን ጀርም ይውጣሉ፤ የኬሚካል መልእክትም ይረጫሉ። በመልእክቱ ምክንያት የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር እየሾለኩ ይደርሳሉ። መቅኒያችን እነዚህን በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ያመርታል። ዕድሜያቸው አጭር ነው። ውጠው፣ ገድለው፣ ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ድሮ መግል ሳይ ፊቴን አዞር ነበር። አሁን አከብረዋለሁ።

ይህን ያወቅንበት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከእሾህ ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1882 በሲሲሊ፣ መሲና ከተማ ነበር። ቤተሰቡ ሰርከስ ሊያይ ሲወጣ እሱ ማይክሮስኮፑ ጋ ቀረ። እንደ መስታወት ወለል ብሎ የሚያሳይ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ጠዋት ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበው አገኛቸው። በ1908 ከፖል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ቃላችሁ ልመለስ። ጉንፋን ሲይዘን የሚያንገላታን ምንድን ነው? የአፍንጫው መፍሰስ፣ የጉሮሮው ማበጥ፣ የሰውነት መቆረጣጠም፣ ትኩሳቱ። ከዚህ አብዛኛው የቫይረሱ ሥራ አይደለም፤ የራሳችን መከላከያ ሥራ ነው። ትኩሳትም እንዲሁ ነው። የመከላከያ ሕዋሳት የሚልኩት መልእክት አንጎል ሲደርስ የሰውነታችን የሙቀት ልክ ከፍ ይደረጋል። ታዲያ «መከላከያዎን ያጠንክሩ» የሚለው ማስታወቂያ ቃል በቃል ቢሠራ ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን ነበር? የበለጠ ንፍጥ፣ የበለጠ ቁርጥማት፣ የበለጠ ትኩሳት ነዋ። አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ያውቀዋል። የአበባ ዱቄት ገዳይ አይደለም። የሚያስነጥሰው ምንም የማይጎዳ ነገር ላይ የተነሳው የገዛ መከላከያው ነው።

መልእክቱ ከቁስሉ አልፎም ይሄዳል። እግራችን ላይ ቁስል ሲኖር ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል አይደል? ንፍፊቱ በሽታው የተሰራጨበት ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ሥራ የበዛበት ቦታ ነው። ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሕዋሳት የጀርሙን ቁራጭ ተሸክመው እዚያ ይደርሳሉ። እዚያ ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉት ይጠብቃሉ። እያንዳንዳቸው የሚያውቁት አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚገጥማቸውን ሳያገኙ ያልፋሉ። ቁራጩ ከአንዱ ጋር ሲገጥም ግን ያ ሕዋስ መባዛት ይጀምራል፤ ከአንዱ ተነስተው ሺዎች ይሆናሉ። ቢ ሴሎቹ አንቲቦዲ የሚባል፣ ጀርሙን የሚይዝ ፕሮቲን ይረጫሉ። ቲ ሴሎቹ ገሚሶቹ ሌሎችን ያዝዛሉ፣ ገሚሶቹ በቫይረስ የተያዘውን ሕዋስ ለይተው ይገድላሉ። አዲስ በሽታ ሲሆን ይህ ሁሉ ቀናት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ሳምንት ያልፋል። እኛ አልጋ ላይ የምንቆየው ለዚህ ነው።

በጣም የሚደንቀኝ ግን ይህ ነው። ሰውነታችን ጀርሙን አይቶ አይደለም አንቲቦዲውን የሚቀርጸው። የዘረመል (ጂን) ቁርጥራጮችን በዘፈቀደ እየገጣጠመ ለቁጥር የሚያታክት ዓይነት አስቀድሞ ያዘጋጃል። ሱሱሙ ቶኔጋዋ ይህን አሳይቶ በ1987 ኖቤል ተሸልሟል። ገና ለማይታወቅ በሽታ እንኳ ምላሽ የምናገኘው በዚህ መንገድ ነው። ደግሞም ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። በዘፈቀደ ከተገጣጠሙት መካከል የራሳችንን አካል የሚመታ መውጣቱ አይቀርም።

ለዚህ ደግሞ ማጣሪያ አለ። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የምትባል እጢ አለች። ቲ ሴሎች የሚበስሉት እዚያ ነው። ፈተናው ከባድ ነው፤ ከመቶ 95 ያህሉ ወድቀው እዚያው ይሞታሉ። የራስን አካል አጥብቆ የሚይዝ ይወገዳል፤ ምንም መያዝ የማይችልም ይወገዳል። ከዚህ አምልጠው የሚወጡትን የሚያረጋጉ ሌሎች ቲ ሴሎችም አሉ። የእነሱን ሥራ ያስረዱት ሜሪ ብሩንኮው፣ ፍሬድ ራምስዴልና ሺሞን ሳካጉቺ በ2025 የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። ዜናውን የሰማሁ ቀን አለቀስኩ። ስለ እኔ በሽታ የሚያወራ ኖቤል መስሎ ተሰማኝ።

በእኔና በብዙ ሰዎች ይህ ማርገቢያ በሆነ መንገድ ይፈታል። ያኔ መከላከያው መገጣጠሚያን ከመታ የእኔ በሽታ ይሆናል። በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ከመታ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ነው። የነርቭን ሽፋን ከመታ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ቆዳንና ኩላሊትን ጨምሮ ብዙ ቦታ ከመታ ሉፐስ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ መከላከያው ጉልበት አላነሰውም።

እኔ በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ። መድኃኒቱ መከላከያውን የሚያበርድ ነው። ሕመሙ ቀለል ባለልኝ በሦስተኛው ዓመት «መከላከያን የሚያጠነክር» የተባለ ዱቄት ማስታወቂያ አየሁ። እህቴም ለእኔ ብላ ገዛችው። አንዱ የሚያበርድ፣ ሌላው የሚያጠነክር ከሆነ አብረው አይሄዱም ብዬ መድኃኒቱን ለራሴ ተውኩት። ሁለት ወር ቆየሁ። ዱቄቱ የሠራው ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ በሌለበት ግን በሽታው አጥንቴን በላው። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ አልተዘረጉም። የተበላ አጥንት ተመልሶ አይተካም። እህቴ እስከ ዛሬ ራሷን ትወቅሳለች፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ መከላከያ በእውነት የሚደክምበት ጊዜ አለ። ኤችአይቪ የሚያጠቃው ሲዲ4 የሚባሉትን አዛዥ ቲ ሴሎች ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1500 ያህል ይገኛሉ። ከ200 በታች ሲወርዱ ሌላውን ሰው የማይነካው ጀርም ሁሉ በር ያገኛል። የካንሰር ኬሞቴራፒም መቅኒን ይጎዳል። ከነዚህ ውጭ ሲወለዱ ጀምሮ አንቲቦዲ መሥራት የማይችሉ ልጆች አሉ። እነዚህ ድክመቶች ግን ስም አላቸው፣ ምርመራ አላቸው፣ ሕክምና አላቸው። ሳንባ ምች ደጋግሞ የሚይዘው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ እንጂ ዱቄት አይግዛ።

ጽሑፋችሁ ስለ እንቅልፍ አንድ መስመር ብቻ ነበረው። እኔ ብሆን ግማሹን ለእሱ በሰጠሁ። በ2015 በወጣ ጥናት 164 ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨምሮ ነበር። ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ከ4 እጥፍ በላይ ለጉንፋን ተጋልጠዋል። ሲጋራ ደግሞ እነዚያን ጠራጊ ፀጉሮች ያሽመደምዳል፤ የእኔን በሽታ የመያዝ ዕድልንም ይጨምራል። ቫይታሚን ኤ ወይም ዚንክ የጎደለው ሰው ቢያገኝ ይጠቀማል። ያልጎደለበት ሰው ግን እላዩ ላይ ቢደርብ መከላከያው አይደነድንም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ጽሑፉ ክትባትን አለመጥቀሱ ነው። ክትባት ማጠንከሪያ አይደለም፤ ማስተዋወቂያ ነው። ለዘበኛው የሌባውን መልክ አስቀድሞ ያሳየዋል። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 በላም ፈንጣጣ የጀመረው ነገር በ1980 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ እስኪታወጅ አድርሶናል። የሰውነት ትውስታ ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት ከፈለጋችሁ በሰሜን አትላንቲክ ያሉትን የፋሮ ደሴቶች ታሪክ ተመልከቱ። በ1846 ኩፍኝ ገብቶ ወደ 6,000 ሰው አሳመመ። ፒተር ፓኑም የተባለው ወጣት ሐኪም እንዳስተዋለው፣ ከ65 ዓመት በፊት በ1781 ኩፍኝ የያዛቸው ሽማግሌዎች ዳግም አልታመሙም። ኩፍኝ ራሱ ግን ትውስታን ይሰርቃል። በ2019 በወጣ ጥናት፣ ሳይከተቡ ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ለሌሎች በሽታዎች ካጠራቀሙት አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 በመቶ አጥተው ተገኝተዋል። አንድ ልጅ ለዓመታት የተማረው እንዲህ ሲጠፋ ማሰብ ያሳዝነኛል።

ይህ ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። መድኃኒቱ መከላከያዬን ስለሚያበርድ ሕያው ጀርም ያለባቸውን ክትባቶች እኔ ብዙውን ጊዜ መውሰድ አልችልም። እኔን የሚጠብቀኝ በዙሪያዬ ያለው ሰው መከተቡ ነው። ልጆቻችሁን ስታስከትቡ እኔንም እየጠበቃችሁኝ ነው። ከልቤ አመሰግናችኋለሁ።

አዘጋጅ ሆይ፣ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ማጠንከር» የሚለውን ቃል ከጤና ዓምዱ ርዕሶች ላይ አንሱልን። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ሥሩ ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ «ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት በዚህ ጽሑፍ ምክንያት አያቋርጡ።» ያኔ ያነበብኩት ማስታወቂያ ሥር ይህቺ መስመር ብትኖር ኖሮ ሁለቱ ጣቶቼ ዛሬ ይዘረጉ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የረጅም ጊዜ አንባቢያችሁ