የጣና ዳር መድረኮች ግራውንድ ይኑራቸው

ለአዘጋጁ፦

ይህን የምጽፈው በባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ሠርግና ኮንሰርት ላይ ድምፅና መብራት ለምንዘረጋ ሠራተኞች የኤሌክትሪክ ደህንነት ነው።

ጣና ዳር ሣሩ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። ገመዱ የሚዘረጋውም በዚያው ላይ ነው። ጄኔሬተሩ ደግሞ አንዳንዴ ያለ ግራውንድ፣ ማለትም የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ከሚወስደው ሽቦ ውጭ፣ ይነሣል። 220 ቮልት ወደ ሚክሰሩ (የድምፅ ማቀላቀያው) ብረት ከሾለከ፣ ማይክሮፎን የጨበጠው ዘፋኝ ወይም ስፒከር የሚያነሣው ልጅ የኤሌክትሪኩ መንገድ ይሆናል። ባለፈው ጥር አንድ ባልደረባዬን ማይኩ ሲይዘው አይቻለሁ። ደግነቱ ማብሪያ ማጥፊያው ቅርብ ነበር። ስፒከሩ እዝዝ ሲል ድምፁን ለማጥፋት ግራውንዱን የምንነቅልም አለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ትልቅ ስሕተት ነው። ድምፁ ይጠፋል፣ መከላከያውም አብሮ ይጠፋል።

ሌላው ችግር የጊዜ ማነስ ነው። ቦታው የሚለቀቅልን እንግዳ ሊገባ ሲል ነው። ሰው ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚዘለው ፍተሻ ነው።

ቦታ የሚያከራዩ ሆቴሎችና መናፈሻዎች የጄኔሬተር ግራውንድ የሚታሰርበት የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቅበሩ። ለመድረኩ መስመር 30 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚቆርጥ ብሬከር ያስገቡ። ቦታውንም ዝግጅቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድመው እንደሚያስረክቡን በኪራይ ውሉ ላይ ይጻፍ።

የድምፅ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር