እማዬ፣ ወረቀቱን ከእጅሽ አትልቀቂው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የላክሽልኝን የቴአትር ቤት የኦዲሽን (የተዋናይ መምረጫ ፈተና) ማስታወቂያ አየሁት። ሂጂ። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናት፣ በአማርኛ አፏን የፈታች፣ እናት ሆና የምትጫወት ሴት ነው የሚፈልጉት፤ ከአንቺ ሌላ ማንን ሊያገኙ ነው?

ቤቱ እንደ ብሔራዊ ቴአትር ቋሚ ደሞዝተኛ ተዋንያን ያሉት እንዳይመስልሽ። እዚህ አሜሪካ ሪጅናል ቴአትር የሚባሉት ለትርፍ የማይሠሩ፣ በትኬትና በልገሳ የሚኖሩ ቤቶች ናቸው፤ እዚያው ዋሽንግተን ያለው፣ በፈረንጆች 1950 የተመሠረተው አሬና ስቴጅ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። አብዛኞቹ ለእያንዳንዱ ተውኔት ተዋናይ እንደ አዲስ ይመርጣሉ። ኢኩዊቲ የሚባል የተዋንያን ማኅበርም አለ። ለማኅበሩ አባላት በተዘጋጀ የኦዲሽን ቀን አባል ያልሆነ ሰው ስም አስመዝግቦ ክፍት ሰዓት እስኪገኝ ይጠብቃል፤ ሳይታይም ሊመለስ ይችላል። ያንቺ በቀጠሮ ስለሆነ ከዚህ ተርፈሻል።

የሚጠይቁሽ ፎቶ 8 በ10 ኢንች ነው፤ ፊት ብቻ፣ የዛሬው ፊትሽ። ለሠርግ የተነሳሽው የድሮው አይሆንም፣ ሽበትሽንም አትቀቢው፤ የሚፈልጉት እሱን ነው። ከጀርባው በአንድ ገጽ ታሪክሽን አድርጊና አራቱን ጥግ በስቴፕለር ምቺው። ቁመት፣ ስልክ፣ የምትችያቸው ቋንቋዎችና የቀበሌ ኪነት ዘመንሽ ይግቡ። ዕድሜ ግን አይጻፍም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቴአትር ቤቱ የላከልሽን የተውኔቱን ሦስት ገጽ አስፍተሽ በትልልቅ ፊደል፣ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ አሳትሚ። ለሩቅም ለቅርብም የምታደርጊው መነጽር እዚህ ጠላትሽ ነው፤ ለማንበብ አገጭሽን ከፍ፣ ሰው ለማየት ደግሞ ዝቅ ያስደርግሻል፣ ከሩቅ ሲያዩት የተኮሳተርሽ ይመስላል። የንባብ ብቻ የሆነውን አድርጊ፣ ወረቀቱንም በደረትሽ ልክ ያዢ። አውራ ጣትሽ ከምታነቢው መስመር ጎን ይሁንና አብሮ ይውረድ። ቃሉን በዓይንሽ ቀድመሽ ያዢው፣ ቀና በይ፣ መጨረሻውን የግድ ሰውየውን እያየሽ ተናገሪው። በቃልሽ ብታጠኚውም ወረቀቱን አትልቀቂ። የለቀቀ ሰው ሚናውን ሠርቶ የጨረሰ ይመስላቸዋል፣ አንድ ቃል ስትጠፋሽም መመለሻ አይኖርሽም።

በዘመኑ ተውኔቶች ውስጥ ግራ የሚያጋቡ ምልክቶች አሉ። በንግግር መካከል እንዲህ ያለ / ዘንባላ መስመር ካየሽ፣ ሌላው ተናጋሪ እዚያ ላይ ይጀምራል ማለት ነው፤ ትደራረባላችሁ እንጂ አትጠባበቁም። እንደኛ ቤት እራት ሰዓት በይው። «ቢት» የሚለው አይነበብም፤ አጭር ቆም ማለት፣ ሐሳብ የሚቀየርበት ቦታ ነው። «ፖዝ» ደግሞ ከሱ ይረዝማል።

ኪነት ያስለመደሽን ድምፅ እቤት ትተሽው ሂጂ። ያኔ ማይክ በሌለበት አዳራሽ መጨረሻ ረድፍ ድረስ መድረስ ነበረበት፣ ፊትም ወደ ሕዝቡ። የኦዲሽኑ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ የልምምድ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛው ከፊትሽ ጥቂት ሜትር ቢርቅ ነው። ከጎኑ በተውኔቱ ውስጥ ያለውን የልጅሽን ቃል የሚያነብልሽ ሰው ይቀመጣል። ንግግርሽ ለሱ ነው፣ ለአዘጋጁ አይደለም። አዘጋጁን ዓይን ዓይኑን ካየሽው ማስታወሻ መያዝ ትቶ አብሮሽ ሊጫወት ይገደዳል።

በየገጹ ራስጌ በእርሳስ አንድ ግስ ጻፊ፤ እናትየዋ ከልጇ የምትፈልገውን። «እንዲቀመጥ»፣ «እንዲበላ»፣ «ዛሬ እንዳይሄድ»። «አዝናለች» ብለሽ አትጻፊ። ኀዘን አይደረግም፤ ሰው ማስቀመጥ ግን ይደረጋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው መስመር ማልቀስ ይጀምርና ሁለተኛው ገጽ ላይ የሚሄድበት ያጣል።

አማርኛ የሆኑት ቃላት በላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ ከላያቸው በፊደላችን ጻፊባቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ እናትየዋ ወንድ ልጇን «ነይ» ትለዋለች። እንዳትስቂ፣ ክፍሉ ውስጥም እንዳታርሚያቸው። ቀጠሮ ለሰጠችሽ ልጅ ቀደም ብለሽ በኢሜይል ጠይቂያት። እንግሊዝኛሽን በተመለከተ ካልጠየቁሽ በቀር ምንም አትቀይሪበት።

ልብስሽ አንድ ቀለም ያለው፣ ጫማሽም የማይጮህ ይሁን። ነጠላ አትደርቢ፤ አንድ እጅሽን ወረቀት ይዞት ሳለ ሲንሸራተት በሌላው ስትሰበስቢው ትውያለሽ። ዳቦ ቆሎም ይዘሽ እንዳትገቢ፣ አውቅሻለሁ። ገብተሽ እጅ ለመጨበጥ አትዙሪ። ሰላም በይ፣ ስምሽንና የምታነቢውን ክፍል ተናገሪ፣ ጀምሪ። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» የሚል ይቅርታ አይሰማ።

አንብበሽ ስትጨርሺ አዘጋጁ «አሁን ደግሞ እየቀለድሽበት ሞክሪው» ሊልሽ ይችላል። ይህ ተግሣጽ አይደለም፤ እንዲያውም ደህና ምልክት ነው። የመጀመሪያውን ስላልወደደው ላይሆን ይችላል፤ የተባለሽውን ሰምተሽ መቀየር መቻልሽን ማየት ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ በጥቂቱ ሳይሆን በደንብ፣ እስኪታይ ድረስ ቀይሪው። በመሐል «እናመሰግናለን» ብለው ቢያቆሙሽም ጊዜ አጥሯቸው ሊሆን ስለሚችል ፊትሽ አይጥቆር።

ቅጹ ላይ የማትችይባቸውን ቀናት የምትሞይበት ቦታ አለ። ልምምድ በአብዛኛው ሦስት ወይም አራት ሳምንት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ነው። ከመክፈቻው በፊት መብራትና ድምፅ በሚስተካከልባቸው ቀናት የሥራው ሰዓት ከዚያም ሊረዝም ይችላል፤ ከዚያ በሳምንት እስከ ስምንት ትርኢት። ፋሲካን፣ የሐኪም ቀጠሮሽን፣ ማታ መኪና አልነዳም የምትይውንም አሁኑኑ ጻፊው። ከመመረጥሽ በፊት የተነገረን ነገር ያመቻቹታል፤ ውል ከተፈረመ በኋላ የመጣ ግን ያጣላል። ጾም ላይ ከዋለም የምሳ ዕረፍቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ።

ከዚያ በኋላ ጠብቂ፣ አትደውዪ። ለሁለተኛ ዙር ከፈለጉሽ ልጅሽን ከሚጫወቱት ወጣቶች ጋር አጣምረው ያዩሻል። ያኔ ቁመትና መልክ ሁሉ ይገባበታል፤ ከልጅየው ጋር ቤተሰብ ካልመሰላችሁ ጎበዝም ሆነሽ ላይሆን ይችላል። ብዙ ቤት ላልመረጠው ሰው መልስ አይልክም።

ቅዳሜ ማታ ደውዪልኝና የልጁን ቃል እኔ ላንብብልሽ። ምንም ሳልጫወት ደረቅ አድርጌ ነው የማነበው፤ እዚያ የምታገኚው አንባቢም ከዚያ የተሻለ ላይሆን ስለሚችል ካሁኑ ልመጂው።

ልጅሽ