የኬሚስትሪ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የመንዝ በግ ፀጉርና ኮንዲሽነር

በ2017 የትምህርት ዘመን የኬሚስትሪ ክበባችን እንደ ወትሮው ሳሙና አልሠራም። ሳሙና መሥራት ሰልችቶናል፤ አባላቱም በግልጽ ነግረውኛል። ኅዳር ላይ ስንሰበሰብ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ባዶ የሻምፖ ጠርሙስ ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ፖሊኳተርኒየም-10 የሚባለው ምንድን ነው?» አለች። ዓመቱን ሙሉ ያሠራን ይሄ ጥያቄ ነው።

ሻምፖ ውስጥ የሚገባ የፀጉር ማለስለሻ (ኮንዲሽነር) ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ መነሻው ሴሉሎስ ነው። ጥጥ ውስጥም፣ ባሕር ዛፍ ውስጥም ያለው ያው ሴሉሎስ። ፋብሪካ ውስጥ በረጅሙ ሰንሰለት ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከሙ የናይትሮጅን ቡድኖች ይሰኩበታል። የፀጉር ገጽ ደግሞ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.7 ገደማ ሲያልፍ ኔጌቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ይሳሳባሉ። ሰንሰለቱ በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ላይ ስለሚያያዝ ውኃ ቶሎ አያነሳውም። ከህንድና ከፓኪስታን በብዛት ከሚመጣው ከጓር ባቄላ የሚሠራም አለ፤ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ፖሊኳተርኒየም-7 የሚባልም ስላለ፣ አንድ አባላችን «10 ከ7 ስለሚበልጥ ፖሊኳተርኒየም-10 ይሻላል» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራክሯል። ቁጥሩ ግን የምዝገባ ተራ ነው፤ የጉልበት መለኪያ አይደለም።

ለሙከራ የራሱን ፀጉር ለመቆረጥ ፈቃደኛ የሆነ አልተገኘም። ደግነቱ ያለነው ሰሜን ሸዋ ነው። ከመንዝ የመጡ ልጆች በርኖስና ባና ከሚሠራበት የበግ ፀጉር በፌስታል ጠቅጥቀው አመጡልን። የበግም የሰውም ፀጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። በሁለቱም ላይ ጥቃቅን ቅርፊቶች እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተደራርበው ይታያሉ። ያልታጠበው ፀጉር ሽታ ላቦራቶሪውን ቶሎ እንዳልለቀቀ የባዮሎጂ መምህራን ይመሰክራሉ።

ካየናቸው ሁሉ እኔን የገረመኝ የቀለሙ ሙከራ ነው። ከታጠበው ፀጉር ግማሹን ከፋርማሲ በተገዛ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ዘፍዝፈን አሳደርነው። ጠዋት ሁለቱንም በደንብ አለቅልቀን፣ የሽንኩርት ሕዋስ በምናቀልምበት ሜቲሊን ብሉ ውስጥ ነከርናቸው። መልሰን ስናጥባቸው ያልተነካው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ፐሮክሳይድ የቀመሰው ግን ድብን ያለ ሰማያዊ ሆነ፤ ብናጥበው ብናጥበው አልለቅ አለ። ሜቲሊን ብሉ ራሱ ፖዘቲቭ ነው። ፐሮክሳይዱ የኬራቲኑን የሰልፈር ድልድዮች ሰብሮ ወደ ሰልፎኒክ አሲድነት ይለውጣቸዋል፤ ያ ደግሞ ተጨማሪ ኔጌቲቭ ቦታ ነው። ኮንዲሽነሩም የሚሄደው እዚያው ነው። ቀለም የተቀባ፣ በካውያ የተተኮሰ ፀጉር ላይ አብዝቶ ይለጠፋል። ማስታወቂያው «የተጎዳ ፀጉር ይጠግናል» ይላል። ከራስ ቅል ቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም፤ የሚድን ነገር የለም። ይሸፈናል፣ ይለሰልሳል፣ ማበጠሪያ አይጎትተውም። እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን መጠገን አይባልም።

ጥር ላይ የደብረ ብርሃን አየር እንዴት እንደሚደርቅ ታውቁታላችሁ። ደረቁን የበግ ፀጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ ስናበጥረው እየተበተነ ወደ ላይ ይቆማል። ኮንዲሽነር የነካው ግን ጸጥ ብሎ ይተኛል።

ሌላው ጥያቄ ሻምፖ እያጠበ እንዴት ማለስለሻውን ይተዋል የሚለው ነበር። ጥርት ያለ ሻምፖ በብርጭቆ አድርገን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርንበት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ድንገት ደፈረሰ። «ተበላሸ!» ብለው ጮኹ። አልተበላሸም። ጠርሙስ ውስጥ አጣቢውና ፖሊመሩ (ያ ረጅሙ ሰንሰለት) አብረው ሟሙተው ይቆያሉ፤ ውኃ ሲበዛ ተጣብቀው ይለያሉ፣ ፀጉር ላይም የሚያርፉት ያኔ ነው። ለማለቅለቅ የምናፈሰው ውኃ ነው ሥራውን የሚያስጀምረው። በፈሳሽ የእጅ ሳሙናም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ፖሊመር ይገባል፤ ቆዳችንም ኔጌቲቭ ነውና።

ተልባን ሳንነካ ማለፍ አይቻልም ነበር። ፍሬውን ቀቅለን ዝልግልጉን አጠለልነው። እሱም ፖሊመር ነው፤ ግን ፖዘቲቭ ቻርጅ የለውም፣ እንዲያውም በከፊል አሲዳማ ስለሆነ ኔጌቲቭ ነው። ፀጉሩን ሲቀቡት ያምራል፣ ሲደርቅ ቅርጽ ይይዛል፣ ውኃ ሲነካው ግን ጥሎ ይሄዳል። ለጋ ቅቤስ? ቅቤ በቻርጅ አይጣበቅም፤ ቅባት ስለሆነ ፀጉሩን ሸፍኖ ይቀመጣል፣ የሚነሳውም በሳሙና ነው። የሴት አያቶቻችን ዘዴ ለደረቅ ፀጉር ይሠራል፤ ክበቡ በዚህ ላይ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል። ክፍል ውስጥ ሲሸት ግን የተለያየ አስተያየት አለ።

አንዲት ወላጅ መጥተው «መምህር፣ ልጄን የላክኋት ኬሚስትሪ እንድትማር ነው፤ ሹሩባ ለመሠራትማ ቤትም ነበረች» ብለው ተቆጥተውኛል። ሰማያዊውን ፀጉር አሳይቼ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰምተው «ታዲያ ለኔ ፀጉር የቱ ይሻላል?» ሲሉ ልጃቸው በሳቅ ፈረሰች።

በሰኔው ኤግዚቢሽን የብርጭቆውን ሙከራ ያቀረቡት የ9ኛ ክፍል አባላት ናቸው። ለ2018 ያሰብነው የሻምፖዎችን ፒኤች መለካት ነው። የሊትመስ ወረቀት ስለማይበቃን ፒኤች በቁጥር የሚያሳይ ወረቀት ለትምህርት ቤቱ ጠይቀናል። የበግ ፀጉሩ ግን ገና አላለቀም፤ ሁለት ፌስታል ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።