«የዋልታ አዙሪት መጣ» አትበሉን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

አውሮፓ ወይም ሰሜን አሜሪካ ላይ ብርድ በጠና ቁጥር «የዋልታ አዙሪት መጣ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እባካችሁ ይህን አባባል ተዉት። አዙሪቱ በየዓመቱ በብርዱ ወራት እዚያው ዋልታው ላይ አለ። ፀሐይ ስትጠፋ ስትራቶስፌር፣ ማለትም ከምድር ከ10 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ንብርብር፣ ክፉኛ ይቀዘቅዛል። በዙሪያውም ብርቱ የምዕራብ ነፋስ ይሽከረከራል፤ አዙሪት የሚባለውም ይኸው ነው። ብርዱን አምቆ የሚይዘው የአዙሪቱ ጥንካሬ ነው፤ ችግር የሚመጣው ሲዳከም ነው።

የሚያዳክመው ደግሞ ከታች ነው። ነፋስ ከሂማላያና ከሮኪ ተራሮች ጋር ሲላተም፣ የየብስና የባሕር ሙቀት ሲራራቅ፣ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚለካ ርዝመት ያላቸው ሞገዶች ይፈጠራሉ። ሞገዶቹ ሽቅብ ወጥተው እዚያ ላይ እንደ ባሕር ማዕበል ይሰበራሉ። አዙሪቱ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ለሁለት ይከፈላል። በዋልታው ላይ ያለው አየር ቁልቁል ሲወርድ ይታመቃል፤ ስለዚህ ይሞቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጨምር ይችላል! ይህን እ.ኤ.አ. በ1952 በርሊን ላይ መጀመሪያ ያስተዋለው ጀርመናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ሪቻርድ ሼርሃግ ነበር።

ከዚያ ለውጡ ቀስ እያለ ወደ ታች ይመለሳል። ሁሌም አይደለም፤ አንዳንዴ እዚያው ላይ ይቀራል። ከደረሰ ግን እስከ ሁለት ወር ገደማ ይሰማል። ጄት ስትሪም፣ ማለትም ከስትራቶስፌር በታች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ፣ ወደ ደቡብ ይጠማዘዛል፣ የአርክቲክ ብርድም ይከተላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 አጋማሽ አዙሪቱ ተከፈለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አውሮፓ ከምሥራቅ በነፈሰ ብርድ ተያዘች። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ደግሞ አዙሪቱ በጣም በረታ። ሳይቤሪያ ያልተለመደ ሙቀት አየች፣ አርክቲክ ላይም ኦዞን ክፉኛ ሳሳ።

ደቡብ ዋልታን ከሰሜኑ ጋር አንድ አድርጋችሁ መጻፋችሁም አይዋጥልኝም። እዚያ ሞገዶቹ ደካሞች ናቸው፣ አዙሪቱም ጽኑ ነው። በድንገት ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ የታየው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2002 ብቻ ነው።

ዜናው ብርዱ ከገባ በኋላ ባይሆን ደስ ይለኛል። ስትራቶስፌር በድንገት ሲሞቅ ያኔውኑ ጻፉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ብርድ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ማለቱን ንገሩን፤ ይመጣል ብላችሁ ግን አትማሉ። የመብራት ኃይል የሚያቀርቡ ሰዎችም ሆኑ አረጋውያን ያሉባቸው ቤቶች ለመዘጋጀት ያቺ ጊዜ ታስፈልጋቸዋለች።

አንድ አንባቢያችሁ