የታክሲው መስኮት ይከፈት፦ ለአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ
ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች መስኮት ተከፍቶ እንዲሄድ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው የሥራ ኃላፊዎች፣

በከተማችን በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የምጠይቃችሁ ትልቅ በጀት አይደለም። የታክሲና የአውቶቡስ መስኮት እንዲከፈት ነው። የጤና ጉዳይ ይዤ ወደ እናንተ የመጣሁት መስኮቱ ያለው እናንተ በምትመሩት ዘርፍ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከመገናኛ የሚነሳ ሚኒባስ ውስጥ ግቡና እዩ። ወንበሩ ሞልቷል፣ ትርፍም አለ። በሩ ይዘጋል። መስኮቶቹ ቀድመው ተዘግተዋል። አንዱ ትንሽ ሸርተት ሊያደርገው ሲሞክር ከኋላ ድምፅ ይመጣል። «ወንድሜ ዝጋው እባክህ፣ ብርድ ነው!» ሌላዋ ትቀጥላለች፤ «ልጅ ይዣለሁ!» የተናገሩት ትልቅ ሰው ከሆኑ ደግሞ ክርክር የለም፤ እሺ ተብሎ ይዘጋል። ረዳቱም ዝም ነው። ትንሽ እንደተሄደ መስታወቱ ይደበዝዛል። ጠርዙ ላይ ውሃ ይወርዳል። ልጆች በጣታቸው ይጽፉበታል። ያ ውሃ የተሳፋሪው ሁሉ ትንፋሽ ነው። መንገዱ ከተዘጋጋ ለአንድ ሰዓት እንዲህ ይኬዳል።

ቲቢ የሚመቸው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ይህን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። የዓለም የቲቢ ቀን በየዓመቱ መጋቢት 15 የሚታሰበውም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ 140 ዓመት አልፏል። ክፍላችን የሚመጣው ሰው ግን ዛሬም «ብርድ መትቶኝ ነው» ይለኛል። «ላብ በላብ ሆኜ ንፋስ ገባኝ» የሚልም አለ። «ሌሊት ጥበቃ ስሠራ ነው የያዘኝ» የሚልም አለ። አልፈርድባቸውም። እኔም ያደግሁት «ንፋስ እንዳይመታህ» ሲባል እየሰማሁ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ እምነት ተነስቶ የሚወሰደው እርምጃ ላይ ነው። ብርድ ያመጣው ነው ብሎ ያመነ ሰው መስኮት ይዘጋል። ቤቱንም፣ ቢሮውንም፣ ታክሲውንም። ከበሽታው የሸሸ እየመሰለው በሽታው ያለበትን አየር ዘግቶ ይቀመጣል።

ዕቃ የሚለየውም ብዙ ነው። የታመመ ልጇን ሰሃንና ኩባያ ለይታ፣ እንጀራውን ለብቻው እያቀረበች፣ ማታ ግን መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ከልጇ ጋር አንድ ክፍል የምታድር እናት አውቃለሁ። ፍቅር አልጎደላትም። የነገራት ሰው ነው ያጣችው። ቲቢ በመጨባበጥ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በልብስም አይተላለፍም።

የሚተላለፈው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበትና ገና ሕክምና ያልጀመረ ሰው ሲስል፣ ሲያነጥስ፣ ሲያወራ፣ ሲዘፍንም ጭምር በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ከአፉ ይወጣሉ። ትልልቆቹ መሬት ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን ውሃቸው ይተንና አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። ቡና ሲፈላ የሚጨሰውን ዕጣን አስቡት። ቤቱ ከተዘጋ፣ ያጨሰችው ሴት ከወጣች በኋላም ሽታው እዚያው ይቆያል። መስኮት ሲከፈት ይሄዳል። የቲቢም አየር እንደዚያ ነው፤ ይሄኛው ሽታ ስለሌለው አናውቀውም እንጂ። የሳለው ሰው ሲኤምሲ ወርዶ ይሄዳል። እሱ በተነሳበት ወንበር የተቀመጠው ሰው ትንፋሹን ሊስበው ይችላል።

ይህ በግምት የሚወራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ተመራማሪዎች ከቲቢ ሕሙማን ክፍሎች የሚወጣውን አየር በቧንቧ ስበው ከላይ ወደተቀመጡ ጊኒ ፒጎች አደረሱት። እንስሳቱ ሕሙማኑን አላዩም፣ አልነኩም። የተጋሩት አየሩን ብቻ ነው። ብዙዎቹ በቲቢ ተያዙ። ያው አየር ጀርም በሚገድል አልትራቫዮሌት ጨረር አልፎ ሲደርሳቸው ግን አልተያዙም። ከዚሁ ጥናት ሌላም ነገር ታየ። መድኃኒት እየወሰዱ ያሉት ሕሙማን ካልጀመሩት ጋር ሲነጻጸሩ የሚያስተላልፉት በጣም ጥቂት ነበር።

የመስኮትን ጉልበት ደግሞ ፔሩ ውስጥ ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ይህ ጥናት በሊማ ከተማ 8 ሆስፒታሎች ውስጥ 70 ክፍሎችን አየ። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየር ነበር። ሲዘጋ ከዚያ 18 እጥፍ ይቀንሳል። ለቲቢ ሕሙማን ተብለው በማሽን አየር ለሚቀየርላቸው ክፍሎች የሚመከረው 12 ጊዜ ነው። እንግዲህ ማንም በእጁ የሚከፍተው መስኮት ውድ የሆነውን ማሽን ከእጥፍ በላይ በለጠው ማለት ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆኑ አሮጌ ሕንፃዎችም ከአዳዲሶቹ ተሽለው ተገኙ።

ሆስፒታልና ሚኒባስ አንድ አይደሉም። አየሩ ግን የሚታዘዘው ለአንድ ሕግ ነው። ሚኒባሱ ደግሞ ከሆስፒታል ክፍል በጣም ይጠባል፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ነው የሚቀመጠው።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። ይህን የምጽፈው ታክሲ ውስጥ የሳለ ሰው እንዲገላመጥ ወይም ውረድ እንዲባል አይደለም። የሚስለው ሰው አስም ይኖርበት ይሆናል፤ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። ቲቢ ቢሆን እንኳ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ያለ ሰው፣ መድኃኒቱ የሚሠራለት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አያስተላልፍም። ለመተላለፍ ዋናው ምንጭ ገና ያልተመረመረው ነው። ዝንጅብልና ማር እየጠጣ፣ ሲብስበት ከፋርማሲ ሽሮፕ እየገዛ፣ ለወራት የሚስለው። እሱም ቢሆን አላወቀምና አይወቀስም። እኛ ጋ ማስክ አድርገው የሚመጡ ሕሙማን አሉ። ለሌላው ሰው አስበው ነው ያደረጉት። ታክሲ ውስጥ ግን ሰው አይቶ ከአጠገባቸው ይነሳል። ስለዚህ ታክሲው ጋ ሲደርሱ አውልቀው ኪሳቸው ይከቱታል። ክኒኑንም በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ከቦርሳ ሥር ደብቀው ነው የሚወስዱት። መስኮት ከተከፈተ ማንንም በዓይን መፈለግ አያስፈልግም። ሁሉንም እኩል ይጠብቃል።

ለእናንተ መጻፍ ያስፈለገኝን ዋናውን ምክንያት ልንገራችሁ። አንድ ሰው የሳንባ ቲቢ ሲገኝበት አብረውት የሚኖሩትን እንመዘግባለን። «ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ልጆች አሉ? ስንት ናችሁ አንድ ክፍል የምታድሩት?» እንለዋለን። ቤተሰቡ ተጠርቶ ይመረመራል። የሚያስል ካለ አክታ ይሰጣል፤ ሕፃናት ቀድሞ የመከላከያ መድኃኒት ይጀምራሉ። ጥሩ አሠራር ነው። ግን የሚደርሰው እስከ ቤቱ በር ነው። «ባለፈው ወር ታክሲ ውስጥ ከማን ጋር ተቀመጥክ?» ብዬ ልጠይቀው አልችልም። ብጠይቀውም አያውቅም። ከመገናኛ እስከ አያት አብረውት የሄዱት ሰዎች ስማቸው አይመዘገብም፤ አይጠሩም፤ አይመረመሩም። ለእነዚህ ሰዎች ያለው መከላከያ ያው የተከፈተ መስኮት ነው። እኔ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሥልጣን የለኝም። እናንተ አላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ እንደታመመና 1.25 ሚሊዮን እንደሞተ ገምቷል። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። እርግጥ ባክቴሪያው የገባበት ሁሉ አይታመምም። ከ100 ሰው በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ኤችአይቪ በደሙ ያለ፣ የስኳር ሕመም ያለበት፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ግን ይበልጥ ይታመማል። ሕፃናትም እንዲሁ። ሲወለዱ የሚሰጣቸው የቢሲጂ ክትባት ቲቢ እንደሚያመጣው ማጅራት ገትር ካለው ከባድ የቲቢ ዓይነት ይከላከልላቸዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጋርዳቸውም። «ልጅ ይዣለሁ» ብላ መስኮት የምታስዘጋዋ እናት የምትፈራለት ልጅ፣ ከሁሉ በላይ ንጹሕ አየር የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይወስዳል። ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል። የተሳፋሪ መስኮትም ይታይ። ስንት ሚኒባስ ነው መያዣው ተነቅሎ፣ ሐዲዱ ዝጎ፣ ወይም በብሎን ታስሮ መስኮቱ የማይንቀሳቀስ! ልክፈተው ቢሉ እንኳ አይከፈትም። በግራም በቀኝም፣ ከፊትም ከኋላም የሚከፈት መስኮት የሌለው የሕዝብ ተሽከርካሪ ሳይጠገን ቦሎ እንዳያገኝ፣ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ጋር ሆናችሁ አንድ መስመር መመሪያ ውስጥ አስገቡልን። አዲስ አውቶቡስ ሲገዛም ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ማቀዝቀዣ አለው ተብሎ መስኮቱ የታሸገ አውቶቡስ፣ ማቀዝቀዣው የተበላሸ ቀን ሳጥን ነው።

ከዚያ ደግሞ የመክፈቱን ነገር ከተሳፋሪ ክርክር አውጡት። አሁን መስኮት የሚከፍተው ሰው ከሌላው ተሳፋሪ ጋር የሚጣላ ነው የሚመስለው። ደንብ ከሆነ ግን ረዳቱ «መመሪያ ነው፣ ትንሽ ክፍት ይሁን» ብሎ ይገላገላል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ታክሲ በግማሽ ሰው ሲጭን፣ መስኮት ክፈቱ ሲባል ሕዝቡ ሰምቶ ነበር። ያኔ የሰማ ሰው ዛሬም ይሰማል። ለቲቢ ደግሞ የሚጫነው ሰው ይቀነስ፣ ታሪፍ ይጨመር አላልኩም። በሁለቱም ወገን አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ይሂድ ነው የምለው። በአንድ በኩል የገባ አየር በሌላው እንዲወጣ ነው ሁለቱም ወገን ያልኩት።

ብርዱን አልናቅሁትም። የሐምሌን ጠዋት ሁላችንም እናውቃታለን። እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ብርድ ተረት አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ይቸገራሉ፤ የሚደርበው የሌለውም አለ። ለዚህም ነው አንድ ስንዝር ያልኩት። ጋቢና ሹራብ ብርድን ይከላከላል። ትንፋሽ የሞላበትን አየር ግን ጋቢ አይከለክልም። ዝናብ ሲበረታ ወደሚመታበት በኩል ይዘጋ፣ በሌላው በኩል ክፍት ይቆይ። ሲያባራ ሁሉም ይከፈት። መነሻ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ይከፈት፤ ያኔ ንፋሱም አይበረታም።

ስለ ሾፌሮችና ረዳቶችም ላንሳ። ተሳፋሪው አንድ ሰዓት ተቀምጦ ይወርዳል። እነሱ ከንጋት እስከ ማታ እዚያው አየር ውስጥ ናቸው። ምሳቸውንም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው የሚበሉት። ረዳቱ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ሲጣራ ይውላል፤ ሳል ቢይዘው እንኳ «ጉሮሮዬ ነው» ይላል። ሕክምና ለመሄድ ግማሽ ቀን መቅረት ለእሱ የቀን ገቢ ማጣት ነው። ስለዚህ ምርመራው ወደ እነሱ ይምጣ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው፣ ክብደት የቀነሰ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ትኩሳት የሚመላለስበት ሰው አክታ ይስጥ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ናሙናው ከገባለት በኋላ በሁለት ሰዓት ገደማ ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋናውን መድኃኒት የተላመደ መሆኑን ይናገራል። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። የተለመደው ቲቢ 6 ወር ታክሞ ይድናል። በተራ አስከባሪዎችና በማኅበራቱ በኩል ቀን ከተያዘ፣ የአክታ መሰብሰቢያ ዕቃ ይዞ መነሻው ድረስ መምጣት ለጤና ጣቢያዎች ከባድ አይደለም። ግልባጩን ለጤና ሚኒስቴር ያደረግሁትም ይህን ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ እንድትሠሩት ነው።

በየታክሲው ከሾፌሩ ጀርባ የሚለጠፍ አጭር ጽሑፍም ያስፈልጋል። ሦስት ነገር ይበቃዋል። ቲቢ በአየር ይተላለፋል፣ ብርድ አያመጣውም። መስኮቱ ትንሽ ክፍት ይሁን። ሁለት ሳምንት ካሳለዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ በነፃ ነው። ይዘቱን በማዘጋጀትና መነሻ ድረስ መጥቶ ለሾፌሮችና ለረዳቶች በማስረዳት በኩል እኔ ከሥራ ሰዓቴ ውጭ ዝግጁ ነኝ። ጥያቄዬ ክረምቱ ሳይገባ እንዲታይልኝ እለምናለሁ፤ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም የሚለው ያኔ ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በአዲስ አበባ በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ነርስ