ኮከብ ቆጠራ አይደለም፦ የሥነ ፈለክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ሥራ

የክበባት ዘገባ ሲወጣ የእኛ ክበብ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ነው የሚያልፈው። ዘንድሮ የመጽሔቱን አዘጋጆች ለምኜ ቦታ አግኝቻለሁ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ዛሬም ኮከብ ስትቆጥሩ ልታመሹ ነው?» የምትሉኝ ባልደረቦቼ አላችሁ። ወላጆችም «ልጄ ማትሪክ ደርሶበት ኮከብ ምን ይፈይድለታል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ልጆቹ በሠሩት ሥራ ልስጥ።

የሠሩት ይህ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን እንደምትርቅ ራሳቸው ለክተው ደረሱበት። አንድ ጊዜ ከኮከብ፣ አንድ ጊዜ ከጥላ። ቴሌስኮፕ የለንም፤ የነበረን ፕሮትራክተር፣ ክር፣ ዳዶ፣ የእስክሪብቶ ቀፎና አንድ የብረት ቱቦ ነው።

የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ስብሰባዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ምዝገባ ተደረገ፣ ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ አጫጭር ጽሑፎች ቀረቡ። ከስብሰባዎቹ አንዱን ብቻ ላንሳ። «በጋ ለምን ይሞቃል?» ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ «ፀሐይ ስለምንቀርብ» አሉ። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጣም የምትርቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ከገጠር እየተመላለሰ የሚማር ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ታኅሣሥ እኮ የኛን ባቄላ ውርጭ የሚመታበት ጊዜ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ማብራራቱ ቀላል ሆነ። ወቅቶችን የሚያመጣው ርቀቱ ሳይሆን 23.4 ዲግሪ ያዘነበለው የምድር ዛቢያ ነው። በታኅሣሥ የእኛ ንፍቀ ክበብ ከፀሐይ ዘንበል ብሎ ይርቃል፣ ፀሐይ በቀትርም ወደ ደቡብ ዝቅ ትላለች። ሌሊቱ ደግሞ ደመና ስለሌለው መሬቱ ሙቀቱን ይዞ አያድርም። ይህ ጥያቄ ፈተና ላይ ከመጣ የክበባችን ልጆች አይስቱትም።

በኅዳር ግቢ ውስጥ ልናመሽ ሞክረን አልሆነም። የደሴን ጉም ታውቁታላችሁ፤ ምሽቱን ሙሉ ሰማይ ሳናይ ወደ ቤት ተመለስን። ጉሙ ባይኖርም የግቢው መብራት አለ። ለጥበቃ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፣ ግን በወር አንድ ምሽት ለሁለት ሰዓት ቢጠፋልን ብለን ያስገባነው ደብዳቤ እስካሁን መልስ አላገኘም።

ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ ወጣን። ማታ ተማሪ ይዞ ከከተማ መውጣት በዚህ ጊዜ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ አልነግራችሁም። የፈቃድ ደብዳቤ፣ የወላጅ ፊርማ፣ አብረው የመጡ አባቶችና እናቶች፣ በጊዜ ለመመለስ የገባነው ቃል። የሚኒባሱን ኪራይ እነዚሁ ወላጆችና ጥቂት መምህራን አዋጥተው ከፈሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ቦሩ ሜዳን የመረጥነው ሜዳ ስለሆነ ነው። የሰሜን ኮከብ ከእኛ አገር ሲታይ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ከተማ ውስጥ ጋራ ወይም ፎቅ ይጋርደዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲጨልም በምዕራብ ቬነስ እንደ ፋኖስ ታበራለች፣ ከበታቿ ሳተርን ደብዘዝ ብሏል፣ ጁፒተር ከአናታችን ብዙም አይርቅም፣ ማርስ በምሥራቅ በኩል ቀልቷል። ያን ሰሞን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ «ፕላኔቶች ሊሰለፉ ነው» እየተባለ ልጆቹ ደንግጠው ነበር። ድንጋጤው የሚበርደው ራስን ቀና አድርጎ ሲያዩ ነው። ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩበት መንገድ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የተዘረጋ ያህል ስለሆነ፣ ሁልጊዜም ሰማይ ላይ የምናገኛቸው በዚያው አንድ መስመር አካባቢ ነው። ከአንድ ወላጅ በተዋስነው ባይናኩላር ጁፒተርን ስናይ ከጎኑ ጥቃቅን ነጥቦች ታዩ። ጋሊልዮ በ1610 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያገኛቸው ጨረቃዎች ናቸው። ባይናኩላሩን ለመያዝ የተደረገውን ግፊያ ዝርዝሩን ልተወው።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ወረፋውን ትታ ለብቻዋ ወደ ሰሜን ዞራ ቆማ ነበር። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። የፕሮትራክተሩ ቀጥ ያለ ጎን ላይ የእስክሪብቶ ቀፎ በፕላስተር ለጥፋለች፣ ከመሐሉ ክር አንጠልጥላ ጫፉ ላይ ዳዶ አስራለች። በቀፎው ውስጥ የሰሜን ኮከብን ታያለች፣ ጓደኛዋ በስልክ መብራት ክሩ ከ90 ምን ያህል እንደራቀ ታነባለች። ነፋሱ ዳዶውን ያወዛውዘዋል። እጇ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ደጋግማ ለካች። ቁጥሩ ከ11 አልፎ 12 ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ወደ እኔ መጥታ ቀስ ብላ «ቲቸር፣ ይሄ ቁጥር አትላሱ ላይ የደሴ ኬክሮስ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ከፍ የሚልበት ማዕዘን ቆመን የምናይበት ቦታ ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ ነው፤ የእኛ 11 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ገና አላስተማርኳቸውም ነበር። ራሷ ደረሰችበት። ትርፉ ከየት መጣ ብላ ስትጠይቀኝ ደግሞ የበለጠ ደስ አለኝ። ኮከቡ በትክክል ከዛቢያው አናት ላይ አይደለም፤ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በሚበልጥ ስለሚርቅ እሱም ትንሽ ክብ ይዞራል፣ በዚያ ምሽት ደግሞ በክቡ ላይኛ በኩል ነበር። የቀረው ልዩነት የብርድና የነፋሱ ነው። ሃያ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንቴ ገጥሞኛል? ጥቂት ጊዜ ነው።

እስክንነሳ ድረስ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከነበረበት በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ የሚዞር የሚመስለው እኛ ስለምንዞር ነው። በፀሐይ ዙሪያ ደግሞ ምድር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ይህም በሀረጎ ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ከሚያስገባው መንገድ ይበልጣል፣ በአንድ ሰከንድ! ሚኒባሱ ውስጥ ልጆቹ እስከ ፒያሳ ድረስ ይህንኑ ሲያሰሉ ነበር።

ሁለተኛው ልኬት በሚያዝያ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በደሴ አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች፤ በሚያዝያ 11 ገደማና በነሐሴ አጋማሽ። የነሐሴው ክረምት ነው፣ ደመና ነው፣ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። የሚያዝያው ደግሞ ዘንድሮ ቀዳም ሥዑር ላይ ዋለ። ክርስቲያኖቹ ልጆች በቤተ ክርስቲያንና በበዓል ዝግጅት ተይዘዋል። ሙስሊሞቹ አባላት «እኛ እንለካላቸዋለን» ብለው መጡ። ባንዲራ መስቀያው አጠገብ የብረት ቱቦውን በቱንቢ አስተካክለው አቆሙ፣ በየጥቂት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ፎቶውን በቴሌግራም ግሩፓችን ላኩ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ጥላው አልጠፋም። አንዳንዶቹ ተስፋ ቆረጡ። የጠፋው 6 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ምክንያቱም የአገራችን ሰዓት የተሠራው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፣ ደሴ ደግሞ ከዚያ በስተምዕራብ 39.6 ላይ ናት። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ቀትር ለእኛ ዘግይቶ ይደርሳል።

ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ ራሷ ላይ ቄጤማ እንዳሰረች ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣች። የፀሐይን ሠንጠረዥ ከደብተሯ አወጣች። በዚያ ቀን ፀሐይ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ነበረች። ጥላው ከጠፋ ፀሐይ በአናታችን ናትና የደሴም ኬክሮስ ያው ነው፤ ትርፉ ሲቀነስ ቦሩ ሜዳ ላይ ከኮከቡ ያገኘችው ቁጥር ነው። ልጆቹ ተቃቀፉ፣ እኔም ዕንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ያልተሳካልንን በአጭሩ ልናገር። የ12ኛ ክፍል አባላት በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ለፈተና ሲሉ ቀርተዋል። ግንቦት ላይ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ለማየት ያቀድነው ጉዞ በገንዘብ እጥረት ተሰርዟል። ቴሌስኮፕ ቃል የገባልን አካልም ነበር፣ ቃሉ ብቻ ነው የደረሰን። ለስፖርት ክበብ ማሊያ ሲገዛ ደስ ይለኛል፣ ልጆቹ ይገባቸዋል። የእኛ ክበብ ግን ከውስጥ ገቢው አንድ ብር አላየም። እንደሚተረከው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደሴን የቆረቆሩት በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታየውን ጅራታም ኮከብ አይተው ነው። በዚህች ከተማ የሥነ ፈለክ ክበብ ልመና ባይወጣ መልካም ነበር።

ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) እና ለቀድሞ ተማሪዎቻችን የምጠይቀው ይህን ነው። አንድ ጥሩ ባይናኩላር ከነማቆሚያው። በወር አንድ ምሽት የሚጠፋ መብራት። ሦስተኛው አይዘገይም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ግርዶሽ ግብፅን፣ ሳዑዲንና የመንን አቋርጦ ያልፋል፣ እኛ ጋ ፀሐይዋ በከፊል ትሸፈናለች። በጥቀርሻ በጠቆረ መስታወት ወይም በራጅ ፊልም ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ለግርዶሽ የተሠራው መነጽር ያስፈልጋል። ያን ቀን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ልጆቹም በየቤታቸው ናቸው። ስለዚህ መነጽሩ ከሰኔ በፊት ተገዝቶ በእጃቸው መግባት አለበት። መርዳት የሚፈልግ በክበባት አስተባባሪው ቢሮ ያገኘኛል።